«ቆይ» የማይባል መምህር

ፕላዝማው ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ በአዊ ዞን ካሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአንዱ የሒሳብ መምህር ነበርኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ የማወራው ነገር በመላ አገሪቱ የሆነ ስለሆነ አንዱን ነጥሎ ማሳጣት ፍርደ ገምድልነት ይሆንብኛል። መኪናው ሲደርስ ግቢው ሰርግ ቤት መሰለ። ተማሪው ይጋፋል፣ ዘበኛው በዱላ ይመልሳል፣ ካርቶኑ እንደ አራስ ልጅ በጥንቃቄ ይወርዳል። ጣሪያ ላይ ሳህን ተተከለ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የብረት ሳጥን ተሠራ፣ ቁልፍም ተበጀለት። የሚቀመጡበት ዴስክ የማይበቃን፣ ላብራቶሪ የምንለው ክፍል ውስጥ ከአቧራ በቀር የሚታይ ያልነበረን ሰዎች፣ ቴሌቪዥኑን እንደ ባንክ ካዝና ቆለፍንበት።

ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለምን ይዋሻል? ጠመኔ ሲያስነጥሰኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በሳተላይት ተጉዞ፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች ትምህርት ቤት ድረስ የሚመጣ ትምህርት ማን ይጠላል?

ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል። 9ኛ ክፍል ነው፤ ከ70 በላይ ተማሪ በአንድ ዴስክ አራት አራት ሆኖ ተጨናንቋል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ በፈጣን እንግሊዝኛ አልጀብራውን ያስኬደዋል። እኔ ጥግ ይዤ ቆሜያለሁ። ከፊት ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ከገጠር ቀበሌ የመጣች ናት፤ ከተማ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ፣ ዓርብ ማታ ስንቋን ለማምጣት በእግሯ ወደ ቤተሰቦቿ የምትመለስ ልጅ። የጠየቀችው እኔን መስሎኝ ወደ እሷ ተራመድኩ። ዓይኗ ግን ከስክሪኑ አልተነቀለም። ሰውዬው የሚያያት መስሏታል።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬውም የተጻፈለትን ተከትሎ ልክ በዚያች ቅጽበት «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ወደ ቀጣዩ ገጽ አለፈ። ሳቁ እጥፍ ሆነ። ልጅቷ እጇን አወረደች።

በእረፍት ሰዓት ጠራኋትና ልትጠይቅ የነበረው ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ። «ቲቸር፣ ኤክስ ለምንድን ነው ሌት ብቻ የሚመጣው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ቆይቶ ነው የበራልኝ። ሰውዬው በየዐረፍተ ነገሩ መግቢያ «ሌት ኤክስ ቢ…» ይላል፤ ኤክስን ይህን ያህል ነው እንበል ለማለት ነው። እሷ ደግሞ የሰማችው የአማርኛውን ሌት ነው፤ ሌትና ቀን የምንለውን። ልጅቷ አፏን የፈታችው በአዊኛ ነው። አንደኛ ደረጃን የጀመረችውም በአዊኛ ነው። አማርኛ ሁለተኛዋ፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛዋ ነው። ሦስተኛው ሲያቅታት ሁለተኛውን ተደግፋ ልትሻገር ሞከረች። ይህ ደደብነት አይደለም፤ አእምሮ የሚሠራው እንዲህ ነው። አልሳቅሁም ብል ግን ዋሾ ነኝ። ሳቅሁ። በማግስቱ እነዚያን ሲስቁባት የነበሩትን ልጆች «እሺ፣ ሌት ማለት ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንድም እጅ አልወጣም።

ያቺ ልጅ በቀረው ዓመት ሁሉ ለስክሪኑም ለእኔም እጇን አላወጣችም።

ይህን ታሪክ ለዓመታት እንደ ቀልድ ሳወራው ኖሬያለሁ። ጠላ ቤት ቁጭ ብዬ ያሳቅሁበት ጊዜ አለ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ሳቁ ብቻ አይደለም። ልጅቷ እጇን ስታወጣ እኔ፣ ደመወዝ የሚከፈለኝ መምህር፣ ከእሷ አራት እርምጃ ርቄ ቆሜ ነበር። «ቆይ» ማለት ግን አልችልም ነበር። ማንን ነው ቆይ የምለው? ሰውዬው አይቆምም። ትምህርቱ የሚሰራጨው ከአዲስ አበባ ነው፤ በዚያች ሰዓት ዳንግላም፣ ጅጅጋም፣ ጋምቤላም ያለ 9ኛ ክፍል ሁሉ ያንኑ ገጽ ያያል። ባጠፋው የሚያልፈኝ ትምህርት ተመልሶ አይመጣም። ሳላጠፋው እንዳልናገር ደግሞ ድምፁ ይውጠኛል። ከክፍለ ጊዜው 30 ደቂቃ ያህሉ የእሱ ነው። ለእኔ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማስተዋወቂያ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማጠቃለያ ተሰጥቶኛል። እርስ በርሳችን «ማብሪያ ማጥፊያ» እንባባል ነበር፤ እየሳቅን፣ ውስጣችን እያረረ።

የፕላዝማ ነገር ሲነሳ ሰው የሚያማርረው መብራት ጠፋ፣ መሣሪያው ተበላሸ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ ጠጋኝ አልተገኘም እያለ ነው። እውነት ነው፣ ይህ ሁሉ ነበር። የአዊን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንጅባራ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ምስሉ ይቆራረጥና ሰውዬው አፉን ከፍቶ ይቀር ነበር። (ተማሪው በጣም የሚወደው ይህንን ነበር።) እኔ ግን ክርክሬ ከሌላ ወገን ነው። ፕላዝማው በደንብ ሲሠራ በዋለበት ቀን የባሰ ይጎዳን ነበር። መብራት ሲጠፋማ ጠመኔዬን አንስቼ፣ በአማርኛም በአዊኛም እየቀላቀልኩ፣ ልጆቹን እያየሁ አስተምር ነበር። አንዳንድ ቀን መብራት ኃይልን አመስግኛለሁ፤ ይህን ደግሞ በሕይወቴ ሌላ ጊዜ አድርጌው አላውቅም።

ፍርድ እንዳላጓድል የጠቀመንን ልናገር። የባዮሎጂ መምህሩ ጓደኛዬ በጠመኔ የሳለው ልብ ድንች ነበር የሚመስለው፤ የአገራችን ደግሞ ድንች አገር ስለሆነ ልጆቹ አይስቱትም። ስክሪኑ ላይ እውነተኛ ልብ ሲመታ፣ ደም ከክፍል ወደ ክፍል ሲገባና ሲወጣ የታየ ዕለት ክፍሉ ትንፋሹን ውጦ ነበር የተመለከተው። ማይክሮስኮፕ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ልጅ ሴል አየ። የኬሚስትሪ ሙከራ አየ። ያንን እኛ በመቶ ዓመት አናሳየውም ነበር። ቴክኖሎጂን የምጠላ ሰው አይደለሁም፤ ያን ልብ የጠላ ሰው መምህር አይባልም። ያቺን ልብ ግን ማስቆም ብንችል ኖሮ፣ «ቆይ፣ እዚህ ጋ ምን ሆነ? አንተ ንገረኝ» ብንል ኖሮ፣ ስንት ልጅ ይወጣላት ነበር!

የፕላዝማ ደጋፊዎች ዋና መከራከሪያ እኩልነት ነበር። የአዲስ አበባውም የዳንግላውም ልጅ አንድ ዓይነት ትምህርት፣ በአንድ ዓይነት ጥራት፣ በአንዲት ሰዓት ያገኛል፤ የመምህሩ ድክመት ልጁን አይጎዳውም ይሉን ነበር። ሲሰሙት ያምራል። ለነገሩ ስለ መምህር ድክመት የተባለውም ሁሉ ሐሰት አልነበረም፤ ከእኛ መካከል ራሱ እንግሊዝኛው የሚያንቀው ነበር፣ እኔም ጭምር። ነገር ግን አንድ ጫማ በአንድ ቁጥር ሠርቶ ለአገሩ ልጅ ሁሉ ማደል እኩልነት ከሆነ፣ የጠበበው እያነከሰ፣ የሰፋው እየጎተተ ይሄዳል። የአዲስ አበባው ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲያነበንብ አድጎ ሊሆን ይችላል። የእኛዋ ልጅ ሌትን ከሌት መለየት አቅቷታል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ፍጥነት ያለው ሰውዬ መላክ ማለት አንዱን እንዲሰለቸው፣ ሌላዋን እንድትሰጥም ማድረግ ነው። ደካማ መምህር ካለም መድኃኒቱ እሱን ማስተማር ነበር። የተመረጠው ግን እሱን ጥግ ማቆም ነው።

እዚህ ላይ አንድ የዳንግላ ነገር ትዝ አለኝ። ዳንግላ ከዓለም ጋር መገናኘት የጀመረችው በሳህን አይደለም። ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ ሮበርት ቺዝማን የሚባል የእንግሊዝ ቆንስል እዚያ ተቀምጦ ነበር። ጣናንና ዓባይን ዞሮ ካርታ ያነሳ፣ በኋላም መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው። ቺዝማን ካርታውን የሠራው እንዴት ይመስላችኋል? መሣሪያ ነበረው፤ ግን እየጠየቀ ነው። መንገድ መሪውን ይጠይቃል፣ ታንኳ ቀዛፊውን ይጠይቃል፣ ቄሱን ይጠይቃል። ጠያቂ ሰው ዳንግላ ተቀምጦ ዓለምን ያገኛታል። የማይጠይቅ ልጅ ደግሞ ሳተላይት ራሱ ላይ ቢተከልለት ከተመልካችነት አያልፍም።

«ሰውዬ፣ የሞተ ነገር ለምን ትቀሰቅሳለህ? ፕላዝማ ድሮ ቀረ» የሚለኝ አለ። ሳጥኑ ቀረ እንጂ ሐሳቡ የት ሄደ? በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በአገሪቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ዋለ። ትምህርቱ በቴሌቪዥን፣ በሬዲዮና በቴሌግራም ይቀጥላል ተባለ። ችግር ነበርና አልፈርድም። ግን የማን ቤት ነው የቀጠለው? ስማርት ስልክ ያለው ቤት ቀጠለ። ሌላው ከብቱን ጠበቀ። ከዚያ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጣ፤ መጽሐፉ ታትሞ ባልደረሰበት ቦታ በፒዲኤፍ አንብቡ ተባለ። በዚያው ሰሞን፣ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ፣ በግጭቱ ምክንያት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ይፍረደኝ፤ መጽሐፉ ኢንተርኔት ላይ ነው፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ የለም። ይህንን የሰማ የገጠር አባወራ «ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፈውበታል በለኛ» ብሎ ቢስቅ ማን ይቆጣዋል?

የ12ኛ ክፍል ውጤትን ሁላችንም እናውቀዋለን። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. 8.4 ሲደርስ እንደ ምሥራች ተነገረ። ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ስክሪን ነው አልልም፤ እንዲህ ያለ ክስ የሰነፍ ክስ ነው። ጦርነት አለ፣ ድህነት አለ፣ ያልሠለጠነ መምህር አለ። ግን እነዚህ ልጆች ከመቶ ዘጠና ምናምናቸው አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልገባቸውን ነገር «አልገባኝም» ሳይሉ ቁጭ ብለው አሳልፈዋል። ዝምታውን ማነው ያስተማራቸው?

አሁን ደግሞ የሚወራው ስለ ታብሌት፣ ስለ ስማርት ቦርድ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መምህሩን ስለ መተካቱ ነው። ሪባን ቆራጩ መቀሱን ስሎ ተቀምጧል። እስኪ የሌሎቹን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከአሜሪካ የመጣ አንድ ፕሮጀክት በወንጪና በወለንጪቲ ማንበብ ለማይችሉ ሕፃናት፣ መምህር በሌለበት፣ ታብሌት አደለ። ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙት፣ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዘመር ጀመሩ፣ በወራት ውስጥ የተቆለፈውን ሰብረው ካሜራውን ከፈቱት ተብሎ ዓለም ተደነቀ። እኔ በልጆቹ አልተደነቅሁም፤ ልጅ እንዲህ ነው፣ የእኛ ልጆችም የቁራሌውን ሬዲዮ ፈትተው ይገጥማሉ። እኔ የገረመኝ ከዚህ ወሬ «መምህር አያስፈልግም» የሚል ትርጉም ለማውጣት የቸኮለው ሰው ብዛት ነው። ልጆቹ ቁልፉን ሰበሩ ማለት ዕቃውን የራሳቸው አደረጉት፣ እነሱ አዘዙት ማለት ነው። እኛ ለተማሪዎቻችን የነሣናቸውም ይህንኑ ነው።

ፔሩ ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ላፕቶፕ ለተማሪ አድላ፣ ከማስተማሩ ሥራ ጋር ስላላዋሃደችው ትምህርቱ አልተሻሻለም። ይህን የሚለው ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂ ያወጣው ሪፖርት ነው። ሪፖርቱ ርዕሱ ላይ ያነሳው ጥያቄ ቴክኖሎጂው መሣሪያ ሆኖ የሚያገለግለው በማን ውል ነው የሚል ነው። የአበዳሪው ውል፣ የሻጩ ውል፣ የቢሮው ውል፣ ወይስ የመምህሩና የተማሪው? እኛ አገር ግዢ ሲፈጸም ስንት ኢንች እንደሆነ ይጠየቃል፣ ዋስትናው ስንት ዓመት እንደሆነ ይጠየቃል። መምህሩ ሊያቆመው ይችላል ወይ ብሎ የጠየቀ የጨረታ ኮሚቴ ግን አላጋጠመኝም።

እስካሁን ያወራሁት ከላይ ስለሚመጣው ነው። ከታች የመጣ ደግሞ አለ፤ ሪባን ያልተቆረጠለት። ዳንግላ የሚኖር የጎረቤቴ ልጅ ለ12ኛ ክፍል ሲዘጋጅ ማታ ማታ ስልኩ ላይ ተደፍቶ አይቼው ልገሥጸው ጠጋ አልኩ። ቴሌግራም ላይ ነው፤ የተማሪዎች ግሩፕ ውስጥ። የኬሚስትሪ ጥያቄ ደብተሩ ላይ ጽፎ፣ ፎቶ አንስቶ ልኳል። ሐዋሳ ያለ፣ በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ልጅ አሠራሩን በድምፅ ቀድቶ እየመለሰለት ነው። አልገባውም። «ወንድሜ፣ ከሁለተኛው መስመር ጀምረህ ድገምልኝ» አለው። ያ ልጅ ደገመለት። እኔ ጎን ቆሜ ዕንባዬ ሊመጣ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በስንት ወጪ ያልተገኘችው «ድገምልኝ» በአምስት ብር ፓኬጅ ተገኘች! ከግሩፑ ውስጥ ግማሹ ሐሜትና ቀልድ፣ ግማሹ «የፈተና መልስ አለኝ» የሚል አጭበርባሪ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ድገምልኝ አለበት።

ኢንተርኔቱ ሲዘጋ ይኸው ልጅ ምን አደረገ? ቀድሞ የወረደ የትምህርት ቪዲዮ ያለውን ጓደኛ አፈላልጎ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ተቀባበሉ፤ ሜሞሪ ካርድ ተዋዋሱ። እነዚህ ልጆች ያለ መመሪያና ያለ በጀት የሠሩትን አይቶ «ምን ልርዳችሁ?» የሚል ቢሮ ቢኖር ጥሩ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚመጣው «ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ነው። በእርግጥ ስልክ ክፍል ውስጥ ሲያዘናጋ እኔም አስተምሬ አይቻለሁ፤ ክልከላውን አልቃወምም። ሲሰበሰብ ግን የልጁ ጥያቄ አብሮ እንዳይሰበሰብ የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አንዳንድ ወዳጆቼ ስለሚሞግቱኝ። «የአሁኑ ዕቃ እንደ ድሮው አይደለም፤ ቪዲዮው ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ክርክርህ አርጅቷል» ይሉኛል። ዕቃው ይቆማል፤ እውነት ነው። መምህሩ ግን ይቆማል ወይ? በፖርሽን የተጠመደ ሰው ነው። እስከ ታኅሣሥ ይህን ያህል ምዕራፍ፣ እስከ ሰኔ ይህን ያህል ገጽ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚጠይቀው የት ደረስክ ብሎ ነው፣ ስንቱ ገባቸው ብሎ አይደለም። እንዲህ ላለ መምህር የማቆሚያ ቁልፍ ያለበት ዕቃ ብትሰጠው ጣቱ አይደፍርም። ፕላዝማው ከግድግዳው ወርዶ ልባችን ውስጥ ገብቷል ያልኩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ታብሌቱ ከመታዘዙ በፊት የፖርሽኑ ነገር ይታሰብበት፤ መምህሩ ልጁ ባልገባው ቦታ ሁለት ቀን ቢቆይ የማይከሰስበት ደንብ ይውጣለት። የ9ኛ ክፍል መግቢያ ላይ ለአዊኛም ለሌላም ቋንቋ ተናጋሪ ልጆች የእንግሊዝኛ መሸጋገሪያ ወራት ይሰጡ። ቪዲዮ ይሠራ ከተባለም እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አለ፤ አዊኛ የሚያውቅ፣ ልጁ የት እንደሚሰናከል የሚያውቅ ሰው እዚሁ ይቅረጸው። ይህ ከስማርት ቦርድ ይረክሳል። ሪባን ስለማይቆረጥለት ይሆን የሚፈራው?

በ2014 ዓ.ም. እንጅባራ ሄጄ የቀድሞ ተማሪዬ የነበረ፣ አሁን ፊዚክስ የሚያስተምር ወጣት ክፍል ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። የራሱን አሮጌ ላፕቶፕ፣ ከሰው የተዋሰውን ፕሮጀክተርና ፍላሽ ይዞ መጥቷል። ስለ ሞገድ የሚያሳይ የአራት ደቂቃ ፊልም ነው። ሃያ ሰከንድ እንኳ ሳይሄድ አንድ ልጅ ከመሐል «ቆይ ቲቸር!» አለ። አቆመው። ልጁ በአዊኛ ጠየቀ፣ መምህሩ በአዊኛ መለሰ፣ ወደ አማርኛ አምጥቶ ለሁሉም ደገመው፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፈው። እንደገና አስነሳው። እንደገና «ቆይ» ተባለ። አንዷ ዘንገና ሐይቅ ላይ ድንጋይ ስትወረውር ያየችውን አነሳች፤ እሱን እየተከራከሩ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሄደ። የአራት ደቂቃው ፊልም ሳያልቅ ደወሉ ተደወለ።

ከእኔ ጎን ከወረዳ የመጣ ተቆጣጣሪ ተቀምጦ ነበር። ስንወጣ መምህሩን በትሕትና ጎን ወሰደውና የትምህርት ዕቅዱን ገልጦ አሳየው። ለቪዲዮው የተመደበው አራት ደቂቃ ነው፣ የተወሰደው ግን ክፍለ ጊዜው በሙሉ ነው። «ለምንድን ነው ያቆምከው?» አለው።

«ቆይ ስላሉኝ» አለ ወጣቱ።

ተቆጣጣሪው ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም።